ክራፍት ቢራ ሲመርጡ፦ ፒልስነር፣ የስንዴ ቢራ፣ አይፒኤ፣ ኮምጣጣ ወይስ ስታውት?

ቢራን በቀለሙ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጥቁሩ የአየርላንድ ስታውት በአብዛኛው ከ4 እስከ 4.5 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ወርቃማው ደብል አይፒኤ (ሆፕስ የሚባለው መራራ አበባ የበዛበት ቢራ) ግን 8 በመቶን በቀላሉ ያልፋል። ቀለም የሚናገረው እህሉ ምን ያህል እንደተቆላ ነው፤ ከጠቅላላው እህል 10 በመቶ ያህሉ ክፉኛ የተቆላ ገብስ ከሆነ ጠመቃው በሙሉ ይጠቁራል። ቢራን ከቢራ በደንብ የሚለዩት እርሾው፣ ሆፕሱ እና ዕድሜው ናቸው።

ፒልስነር እና የስንዴ ቢራ

ሁለቱም ፈዘዝ ያሉ፣ ሁለቱም 5 በመቶ አካባቢ ናቸው፤ ጣዕማቸው ግን አይገናኝም። ፒልስነር በ1842 በቦሄሚያዋ ፒልሰን ከተማ ባቫሪያዊው ዮሴፍ ግሮል የጠመቀው ላገር ነው። የላገር እርሾ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ከዚያ ቢራው ወደ ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ ለሳምንታት ይተኛል። ስለዚህ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ብቅሉና ሆፕሱ ብቻ ይቀመሳሉ። ጉድለትን የሚሸፍን ነገርም የለውም። የቅቤ ጠረን ካለው እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቀዝቅዟል፤ የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የብቅሉ ፈሳሽ በደንብ አልፈላም ማለት ነው። የማያውቁት ጠማቂ ሲያጋጥምዎ በፒልስነሩ ይጀምሩ፤ የእጁን ጥራት በዚያ ያውቁታል።

በጀርመኑ የስንዴ ቢራ ውስጥ ቢያንስ ግማሹ ብቅል ስንዴ ነው። የሚሸተው ሙዝና ቅርንፉድ የተጨመረ አይደለም፤ እርሾው ራሱ የሚሠራው ነው። የቤልጂየሙ ግን ያልበቀለ ስንዴ ይገባበታል፤ የብርቱካን ልጣጭና ድምብላልም ይጨመርበታል። መራራነት የማይወዱ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፦ የጀርመኑ የስንዴ ቢራ ከ8 እስከ 15 አይቢዩ (የመራራነት መለኪያ) ሲሆን ፒልስነር ከ25 እስከ 45 ይደርሳል። ሲቀዱ ጥቂት ጠርሙሱ ውስጥ ያስቀሩና ጠርሙሱን አሽከርክረው እሱንም ብርጭቆው ውስጥ ይጨምሩት፤ ከታች የተኛው እርሾ የጣዕሙ አካል ነው።

አይቢዩ በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለው የሆፕስ መራራ ንጥረ ነገር ግምታዊ መጠን ነው፣ በሚሊግራም። ምላስ ግን ቁጥር አያነብም፤ ስኳር በብዛት የተረፈበት ቢራ 60 ሆኖም ከደረቅ (ስኳር ካልተረፈበት) 40 ለስልሶ ሊቀመስ ይችላል።

ሁለቱ አይፒኤዎች

ብዙ ገዢ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ስም ሁለት የተለያዩ ቢራዎች ይሸጣሉና። የዌስት ኮስት አይፒኤ ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ ከ50 እስከ 70 አይቢዩ የሚደርስ፣ የጥድና የግሬፕፍሩት ጠረን ያለው ነው። ሄዚ የሚባለው ደግሞ በአጃና በስንዴ የወፈረ፣ ደመናማ፣ ማንጎና ኮክ የሚሸት ነው። ሄዚ ላይ አብዛኛው ሆፕስ የሚገባው ፈሳሹ ከእሳት ከወረደ በኋላ እና እርሾው በሚሠራበት ማብላያ ዕቃ ውስጥ ነው። ሆፕስ መራራነቱን የሚሰጠው ሲፈላ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የገባው ጠረኑን እንጂ ምሬቱን ብዙም አይለቅም። መራራ ፈልገው ሄዚ ከገዙ ያዝናሉ፤ ፍራፍሬ ፈልገው ዌስት ኮስት ከገዙም እንዲሁ።

ሄዚ ዋነኛ ጠላቱ ኦክስጅን ነው። ሲታሸግ ጥቂት አየር ከገባበት መልኩ ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ይዞራል፣ የፍራፍሬው ጠረን ይጠፋል፣ እርጥብ ካርቶን የመሰለ ጣዕም ይመጣል። ስለዚህ የሚያበቃበትን ሳይሆን የታሸገበትን ቀን ይፈልጉ። ሄዚ ከሆነ ከስድስት ሳምንት ያላለፈውን፣ ዌስት ኮስት ከሆነ ከሦስት ወር ያላለፈውን ይውሰዱ፤ ይህም በቅዝቃዜ ለቆየ ነው። ሙቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ አንድ ወር እንኳ ይበዛበታል። ቀኑ ጭራሽ ካልተጻፈ ሌላ ዓይነት ይግዙ።

ብርሃንም ሆፕስን ያበላሻል። በአረንጓዴ ወይም ነጭ ጠርሙስ ያለ ቢራ ፀሐይ ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ድኝ አዘል መጥፎ ጠረን ያመጣል። ቡናማ ጠርሙስ ብዙውን ብርሃን ይከላከላል፤ ቆርቆሮ ፈጽሞ አያስገባም።

ኮምጣጣ ቢራ

ፈጣኑና ዘገምተኛው ይለያያሉ። በፈጣኑ ዘዴ ላክቶባሲለስ ባክቴሪያ 40 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ፈሳሹን ካኮመጠጠ በኋላ ይፈላል፤ ጣዕሙ ንጹህ፣ እንደ ሎሚ ቀጥተኛ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ፍራፍሬ ይገባበታል። ላምቢክ ግን በብራስልስ አካባቢ በሴን ሸለቆ፣ እርሾ ሳይጨመርበት፣ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ክፍት ዕቃ ሌሊቱን ከአየሩ እርሾ እየያዘ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በእንጨት በርሜል ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ላምቢኮች ሲደባለቁ ግዩዝ ይባላል። ይህን ከጎዘ ጋር አያምታቱት፤ ጎዘ ጨውና ድምብላል ያለበት ቀላል የጀርመን ኮምጣጣ ነው። ለጀማሪ ጎዘ ይሻላል፤ ላምቢክ የጋጣና የአሮጌ ቆዳ ጠረን ስላለው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

ስታውት

የአየርላንዱ ደረቅ ስታውት የተቆላ ቡና ይመስላል፣ ግን ቀላል ነው። ክሬም የመሰለው አረፋ የናይትሮጂን ሥራ ነው። ናይትሮጂኑን የምትለቅ ትንሽ ኳስ ያለችበት ቆርቆሮ ከሆነ በደንብ አቀዝቅዘው እንደከፈቱ ሳይጠብቁ በአንዴ ይቅዱት፤ አለበለዚያ አረፋው ይከሽፋል። ኢምፔሪያል ስታውት ግን ከ8 እስከ 12 በመቶ ነው፤ አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ወይም ለሦስት ይካፈሉት።

የሚቀርቡበት ሙቀትም ይለያያል፦ ፒልስነር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ፣ አይፒኤ ከ7 እስከ 10፣ ኢምፔሪያል ስታውት ከ12 እስከ 14። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ የተቀዳ ኢምፔሪያል ምሬቱ ብቻ ይሰማል፤ ሃያ ደቂቃ ያቆዩት፣ ቸኮሌቱ ይወጣል። ከሁሉም ዓይነቶች ለዓመታት ማስቀመጥ የሚቻለው እሱንና ግዩዝን ነው፤ ኢምፔሪያሉን በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ፣ ጠርሙሱን አቁመው ያኑሩት።