ከለር ወይስ ጥቁርና ነጭ? ወሎ ውስጥ የፎቶ ፊልም እቤታችሁ ልታጥቡ ላሰባችሁ

ኬሚካል ከመግዛታችሁ በፊት ቴርሞሜትር ግዙና የቧንቧ ውሃችሁን ለኩ። ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚታጠበው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። ደሴ ደጋ ናት፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ ካደረጋችሁበት ይስተካከላል። ኮምቦልቻ ወረድ ስትሉ ደግሞ ውሃው ከ20 በላይ ሊሆን ይችላል። እሱም አያስጨንቅም፤ ሰዓቱን ማሳጠር ነው። በ20 ዲግሪ 10 ደቂቃ የሚፈልግ ፊልም በ24 ዲግሪ 7 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል።

ከለር እንዲህ ገር አይደለም። ሲ-41 የሚባለው የከለር አጠባ ዴቨሎፐሩን (ምስሉን የሚያወጣውን ኬሚካል) 38 ዲግሪ ላይ ለ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይፈልጋል። ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ታንኩን (ፊልሙ የሚታጠብበትን ዕቃ) ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ብታጥቡ ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል። ያን ጊዜ የምስሉ ጨለማ ክፍል ወደ አንድ ቀለም፣ ብሩህ ክፍሉ ወደ ሌላ ያዘነብላል። ይሄን ኮምፒውተር ላይ ማቃናት አድካሚ ነው። መላው ትልቅ ሳፋ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ጠርሙሶቹንም ታንኩንም እዚያው መንከር ነው። መብራት ቢሄድ እንዳትቸገሩ አንድ ፔርሙስ ሙቅ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

ኪሳችሁንም አስቡ። እንደ ሮዲናል ያለ የጥቁርና ነጭ ዴቨሎፐር ጠርሙሱ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ጥቂት ቀድታችሁ ትበጠብጣላችሁ። የከለር ኬሚካል አንዴ ከተበጠበጠ ግን በሳምንታት ውስጥ መዳከም ይጀምራል። በወር አንድ ፊልም ለሚያነሳ ሰው ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ ያለማመንታት ጥቁርና ነጭ እላለሁ። ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ለምታነሱማ ጭራሽ አያጠያይቅም። ባለ 400 ፊልም (ቁጥሩ ለብርሃን ያለው ፍጥነት፣ አይኤስኦ ነው) እንደ 1600 አንስታችሁ የአጠባውን ሰዓት ታስረዝማላችሁ፤ የዲያቆኑ ነጠላ ከድንጋዩ ጨለማ ጎልቶ ይወጣል። ምስሉ ብር ስለሆነ በደንብ ከታጠበ ዕድሜው ረጅም ነው። የከለር ኔጋቲቭ ማቅለሚያ ግን ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል።

የባቲን የሰኞ ገበያ ወይም የገናን ጃንጥላዎች ለማንሳት ከሆነ ግን ከለር ያዙ። እዚያ ቀለሙ ራሱ ነው ወሬው። ፊልሞቹን አጠራቅማችሁ ባንድ ሰሞን እጠቧቸው። ባቲ ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ፊልሙን መኪና ውስጥ አትተዉት።

ሁለቱም የፊልም ዓይነቶች ታንክ ውስጥ የሚገቡት በድቅድቅ ጨለማ ነው። ቀይ መብራት ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ማተሚያ ወረቀት እንጂ ለፊልም አይሆንም።

ስትገዙ ሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ጥቁርና ነጭ ቢሆንም የሚታጠበው በከለር ኬሚካል ነው። እንደ ኤችፒ5 ወይም ትራይ-ኤክስ ያለ መደበኛ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲ-41 ውስጥ ብትከቱት ግን ብሩ ታጥቦ ይሄድና ባዶ ፕላስቲክ ይቀርላችኋል።