«11,500 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት» እየተባለ ስለሚሸጥ የዋሽንግተን ትኬት

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይም ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁን ለመጠየቅ የተዘጋጃችሁ ወገኖች፣ ለትኬት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በከተማችን ያለ አንድ ትኬት ሻጭ ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄዱ ጎረቤታችን ከላይ በርእሱ የሰፈረውን ቁጥር የያዘ፣ ከኢንተርኔት የታተመ ወረቀት አሳይቶ ከሌላው ቦታ ረከስ ያለ ትኬት ሸጦላቸዋል።

ርቀቱ ሐሰት አይደለም፤ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱ ግን አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል ተብሎ በማካፈል የተገኘ እንጂ የመንገደኛ ጉዞ የሚፈጀው ጊዜ አይደለም። በስሌቱ ውስጥ ከባሕር ዳር ቦሌ ያለው የአንድ ሰዓት ያህል በረራ፣ በየማረፊያው የሚጠበቀው ጊዜና ወደ ምዕራብ ሲበሩ ከፊት የሚገጥመው ነፋስ የሉበትም። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ የአገራችን አውሮፕላን ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። 13 ሰዓት ያህል የሚፈጀው፣ ከዝቅተኛው ደለስ ተነሥቶ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ሳያርፍ የሚመለሰው በረራ ነው።

የባሰው ጉዳት ግን ትኬቱ ላይ ነበር። አንድ ጉዞ ተብሎ የተሸጠላቸው በሦስት ተለያይተው የተቆረጡ ትኬቶች ሆኖ ተገኘ። የአራስ ገንፎ ዱቄትና በርበሬ የያዘው ሻንጣ ባሕር ዳር ላይ ሲመዘን የተለጠፈበት ወረቀት መድረሻውን ቦሌ ብቻ ይላል። ቦሌ ሲደርሱ ደግሞ፣ አውሮፓ ላይ ሻንጣቸውን ተቀብለው እንደገና ማስመዝገብ ስላለባቸውና ለዚያ አገር የመግቢያ ቪዛ ስለሌላቸው፣ እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ። ትኬቱ ገንዘቡ የማይመለስ ዓይነት ነው ተብሎ፣ ሌላ በውድ ዋጋ ለመግዛት ተገደዋል። እኚህን ያህል እናት ለዚህ እንግልት መዳረግ ነውር ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉውን የጉዞ ዝርዝር አትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ፒኤንአር የሚሉት፣ በፊደላትና በአኃዞች የሚጻፍ ባለ ስድስት ምልክት የጉዞ ምዝገባ መለያ ከባሕር ዳር እስከ መጨረሻው አንድ መሆኑን፣ የትኬቱም ቁጥር አንድ መሆኑን ተመልከቱ። የትኬት ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ትኬቱን የቆረጠውን አየር መንገድ ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። በአንድ ጉዞ ውስጥ የተለያየ መነሻ ቁጥር ካያችሁ፣ አንዱ በረራ ዘግይቶ ሌላው ቢያመልጣችሁ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይመለስላችሁ።

ሰዓቱንም ራሳችሁ አስሉ። ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው፤ 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። በዚያ ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ 08:30 ዋሽንግተን ይደርሳል ቢል 10 ሰዓት ይመስላል፤ ነገር ግን ዋሽንግተን በብርዱ ወራት 8፣ በሙቀቱ ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር ጉዞው 18 ወይም 17 ሰዓት ነው። ሻጩ ይህን ልዩነት ዘሎ ቢነግራችሁ፣ ወይም በደረሰኙ ላይ የገንዘብ መመለሻና የትኬት መሰረዣውን ውል ጽፎ ማኅተም ለማድረግ ቢያንገራግር፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።