የቮልስ መሪ ያለ መዶሻ ለሚያወጡት የአዘዞ መንገድ መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ጎንደርና አካባቢዋ አሮጌ ቮልስ የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡት። ሌላ ዓይነት አሮጌ መኪና ላላችሁም ይጠቅማል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ ጋራዥ የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ አሉ። እጃቸው ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጻፍነውም። በዚያ መስመር ያሉትን ጋራዦች «የቮልስ መሪ ያለ መዶሻ የሚያወጡት» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል።

ለእሳቸው የወሰድነው መኪና እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል ቮልስ ነው። የፍሬቻው ማብሪያ ተሰብሮ መቀየር ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ መሪው የግድ መውጣት አለበት። ዳዶው ተፈታ፣ መሪው ግን ንቅንቅ አላለም። ሌላ ቦታ «በመዶሻ ካልሆነ አይወጣም» ተብሎ ነበር። እኚህ ሰው አይተው መጀመሪያ የተናገሩት «መዶሻ የሚባል ነገር እንዳይነካው» የሚል ነው። ምስጋናችን ከሁሉ በላይ ለዚህ ጥንቃቄያቸው ነው።

መሪው ዘንጉ ላይ የሚቀመጠው በጥቃቅን ጥርሶች ተነካክሶ ነው። ዳዶው ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርሶቹ ይጣበቃሉ። የክላክሱ ክዳን ከተሰነጠቀ ወይም መኪናው ክረምቱን ደጅ ካደረ ደግሞ እርጥበት ይገባና ዝገት በጥርሶቹ መካከል ይሞላል። እንዲህ የያዘ መሪ ሲመታ የሚጎዳው ዝገቱ አይደለም። የዘንጉ ጫፍ ይነፋና የዳዶው ጥርስ ይበላሻል። ምቱ ወደ ታች ወርዶ ዘንጉን ከመሪ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውን የጎማ መጋጠሚያና የሳጥኑን ኩሽኔታ ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉት ቮልሶች ጉዳቱ ይብሳል፤ የእነሱ የመሪ አምድ በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ በመዶሻ ምት ሊያጥር ይችላል። የመሪውን ክብ ይዞ በጉልበት መጎተትም አይበጅም። የዕድሜ ባለጸጋ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ ክንዶቹም ይጣመማሉ።

እሳቸው የሠሩበት መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን አላቀቁ (በቮልስ ከኋላ ወንበር ሥር ነው)፣ አለበለዚያ ክላክሱ ሊጮህ ይችላል። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው አቆሙ። የክላክሱን ክዳን በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቢቴ ቀስ ብለው አነሱና ሽቦውን ነቀሉ። ከዚያ በዘንጉ ጫፍና በመሪው እምብርት ላይ አንድ ቀጥ ያለ ምልክት ጫሩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

ዳዶው በ27 ቁጥር ቡሶላ ይፈታል። እሳቸው ግን ጨርሰው አላወጡትም፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ይዞ እንዲቀር ተዉት። መሪው በድንገት ሲላቀቅ ፊትና ጥርስ እንዳይመታ የሚጠብቀው ያ ዳዶ ነው። ቀጥለው የፍሬቻውን ማብሪያ በጨርቅ ሸፍነው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠብ ጠብ አደረጉና እስከ ማግስቱ አቆዩት። ዘይት ቀብቶ ወዲያው መሳብ ምንም ጥቅም የለውም፣ በጥርሶቹ መካከል ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል።

የዚህ መሪ እምብርት የፑለር (ተጣብቆ የያዘን ነገር ስቦ የሚያላቅቅ መሣሪያ) ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ተራው ባለ ሁለት ክንድ ፑለር ደግሞ ክንዶቹ ላይ ያርፍና ያጣምማቸዋል፣ ወይም ከሥር ያለውን የፍሬቻ መመለሻ (መሪው ሲመለስ ማንሻውን መሐል የሚመልሰውን) ይሰብራል። ስለዚህ ቶርኖ ቤት ያሠሩት የራሳቸው መሣሪያ አላቸው፦ ለሁለት የተከፈለ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ከእምብርቱ ሥር ያቅፋል፣ ከላይ ካለ አግዳሚ ብረት ጋር በሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ይያያዛል፣ በአግዳሚው መሐል ያለው ቡሎን ዘንጉን ይገፋል። የዘንጉ መሐል የክላክስ ሽቦ የሚያልፍበት ክፍት ስለሆነ ሹል ጫፍ ቢገባበት ይሰነጥቀዋል። እሳቸው በመካከሉ የነሐስ ቁራጭ ያስቀምጣሉ።

መሐል ያለውን ቡሎን ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፣ ጥቂት ይታገሳሉ፣ እንደገና ሩብ ዙር። ግትር ሲል ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ እምብርቱን ብቻ፣ እጅ ማሳረፍ እስኪከብድ ድረስ አሞቁት። ውጪው ከውስጡ ዘንግ ቀድሞ ሲሞቅ ይሰፋል። እሳት ፈጽሞ አይጠቀሙም፤ ፕላስቲኩና ሽቦው ይቃጠላል፣ የቮልስ የቤንዚን ታንከርም ከዳሽቦርዱ ፊት ለፊት ነው ያለው። ሙቀቱን ካገኘ በኋላ «ጧ» ብሎ ተላቀቀ። ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አልተሰበረም።

ሲመልሱም አልቸኮሉም። ጥርሶቹን በነሐስ ብሩሽ አጽድተው ስስ የመዳብ ግራሶ ቀቡ፣ ሮንዴላውን በአዲስ ቀየሩ። የፍሬቻውን ማንሻ መሐል ላይ አድርገው መሪውን በምልክቱ አስገቡ፤ ማንሻው ወደ አንድ ጎን ካለ መመለሻው ይሰበራል። ዳዶውን በ50 ኒውተን ሜትር አጠበቁት። የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) የሌለው ሰው ግማሽ ሜትር እጀታ ባለው ቁልፍ ጫፍ 10 ኪሎ ያህል ጫና ይቁጠር። በመጨረሻ ክላክሱን፣ ፍሬቻው በግራም በቀኝም ራሱ መመለሱን፣ መሪውም ዳር እስከ ዳር ሳይነካ መዞሩን አስነድተው አረጋገጡ።

ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ይነግራሉ፣ የተናገሩትንም አይለውጡም። ወደሳቸው የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ መዶሻ አታስነኩት፤ የተነፋ የዘንግ ጫፍ ማስተካከል መሪውን ከማውጣት በላይ ያለፋቸዋል። አዲስ ሮንዴላና የምትቀይሩትን ማብሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ መኪናውንም እንዲያድር ተዉላቸው። ኤርባግ ያለበት መሪ ግን አይነኩም፣ እሱን ለሌላ ባለሙያ ስጡት።