ለግማሽ ሰዓት 30 ብር፦ የከዚራው ብስክሌት ኪራይ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው አለ። ሱቁ ስምም ታፔላም የለውም። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የልጆች ስም ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ተራ መያዣው እሱ ነው። ልጆቹ ጋሼ ይሉታል፤ እኔም ጋሼ እለዋለሁ። አምስት ወር ሙሉ ደንበኛው ነን። የሚነዳው ልጄ ቢሆንም ከፋይዋ እኔ ነኝና አስተያየት መስጠት መብቴ ነው።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ከአንደኝነት ወርዶ አያውቅም ነበር። እኔም ካርዱን ለጎረቤት ሳላሳይ አላድርም፤ ምን ልዋሽ። ታዲያ በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ልጄ ያኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበር። እኔ ግን ነገ ጠዋት የሚፈተን ይመስል አስጠኚ ቤት አስገባሁት።

ስሙን አልጠራም። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። ያሉትን አድርገዋል፤ አንደኛ ይወጣል አሉ፣ ወጣ። አማካዩ 98። ግን አንድ ቀን 96 አመጣሁ ብሎ አልቅሶ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ፈተና ባለ ቁጥር ጠዋት ሆዱን ያመዋል። ጥፍሩን በልቶ ጨረሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። የእኔው ከባጃጅ ወርዶ ክፍል፣ ከክፍል ባጃጅ፣ ከባጃጅ አስጠኚ ቤት።

ያነቃኝ ግን ሌላ ነው። ሱቅ ላክሁት። ባለሱቁ መልሱን 20 ብር አጉድሎ ሰጠው። ልጄ መጉደሉን አውቋል። ታዲያ ለምን አልጠየቅክም ስለው «ፈራሁ» አለኝ። ሒሳብ መቶ ከመቶ የሚያመጣ ልጅ!

እህቴ ሰማችና «አቦ ልቀቂው፣ ትንፋሽ ያግኝ!» ብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ጋ ወሰደችው።

ጋሼ 11 ብስክሌት አለው። አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የብስክሌቱን ካቴና ያወልቅና «መልስ» ይለዋል። ልጁ እጁ በግራሶ እስኪጠቁር ይታገላል። ካልመለሰ አይነዳም። ልጄ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በካቴና ጨረሰው፤ 30 ብሬን ከፍዬ አንድ ሜትር ሳይነዳ ተመለሰ። ተናድጄ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሲወድቅ ልሮጥ ብድግ ስል፣ ጋሼ ከዱካው ሳይነሳ «ቁጭ በይ እትዬ፣ ይነሳል» አለኝ። ተነሳ። ጉልበቱ ተልጦ ነበር፤ ወደ እኔ አንዴም ዞር አላለም።

ተራውን ጋሼ አይዳኝም። በጠመኔው ጉዳይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ይጨቃጨቃሉ፣ ራሳቸው ይታረቃሉ። የእኔው መጀመሪያ አካባቢ ስሙን እያጠፉ ሦስቴ አሳልፈውበታል። አሁን ጠመኔውን ራሱ ይዞ ቆሞ አየሁት።

አንድ ቀን ታዲያ ሕግ ጣሰ። ከከዚራ መውጣት ክልክል ነው። እሱና ሁለት ጓደኞቹ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረው መጋላ ገቡ። በ1998 ክረምት በጎርፍ ስንቱን የወሰደብን ወንዝ ነው፤ ደረቅ ሆኖ እንኳ ሳየው ልቤ አይረጋም። እዚያ ጎማው ፈነዳ። ኪሱ ባዶ። ብስክሌቱን እየገፋ ጎሚስታ ፈልጎ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ «ነገ እከፍላለሁ» ብሎ ለምኖ ካላማዳሪውን አስለጠፈ። ለጋሼም ዘግይቶ ሲመለስ የሆነውን ሁሉ ነገረው። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ የጎሚስታውን ዕዳ 40 ብር ሲጠይቀኝ ነው። ልቆጣው ነው ላቅፈው? ሁለቱንም አደረግሁ። ጋሼ ደግሞ ሁለት ቅዳሜ አገደው፤ ደስ አለኝ።

የመንፈቁ ካርድ መጣ፤ አራተኛ፣ አማካይ 93። አባቱ «ብስክሌት ሐኪም ያደርገዋል?» አለ። ተከራከርን። ማክሰኞ ማክሰኞ ሒሳብ ብቻ እንዲጠና ተስማማን፤ ቀሪው አስጠኚ ቀረ። ልጁ 93ቱን አይቶ «እንግሊዝኛ ላይ ተሳስቻለሁ» አለና እራቱን በላ። ባለሱቁ በበኩሉ «ልጅሽ ነገረኛ ሆነብኝ» ብሎ ከሶኛል። መልሱን ፊቱ ቆሞ እየቆጠረበት ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ። ከአደጋ የሚከላከል የራስ ቆብ (ሄልሜት) የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ለጋሼ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ ሳቅ ብሎ ያልፈኛል። እኔ ከቤት ገዝቼ አስይዤዋለሁ፣ እናንተም አስይዙ። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ብስክሌት ሁለት ብቻ ነው። ቅዳሜ ወረፋው እስከ 60 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ እሑድ ጠዋት ይሻላል። ቀን ላይ አትሞክሩት፣ የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ዝርዝር ብር ያዙ፣ ጋሼ መቼም ዝርዝር የለውም። መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ አያስቸግርም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በቀዩ ብስክሌት ምክንያት ነው። የኋላ ፍሬኑ አይዝም። ልጆቹ ያውቃሉ፣ ግን ፈጣን ነው ብለው ይሻሙበታል። ልጃችሁ ቀዩን ካነሳ አስመልሱት።