ለተሳቢ ሥራ የትኛው ፒካፕ? ፎርድ፣ ራም እና ሸቭሮሌት ጎን ለጎን

አሜሪካ ውስጥ በፒካፕ ተሳቢ እየጎተቱ መኪና ወይም የግንባታ ዕቃ ማመላለስ፣ ሹፌሮቹ «ሆትሻት» የሚሉት ሥራ፣ ከኡበር ወጥቶ ወደ ጭነት ለመግባት ለሚያስብ ሰው ቅርብ በር ነው። ጀማሪው ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ብዙ የሚጎትተው የቱ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ፎርድ። ፋብሪካው ኤፍ-450 በጉዝኔክ፣ ማለትም ተሳቢው ከኋላ ሳይሆን ፒካፑ ጀርባ ላይ ሲታሰር፣ እስከ 40,000 ፓውንድ ይጎትታል ይላል። ራም 3500 ወደ 36,600 ይደርሳል፣ ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 3500 ደግሞ 36,000። ችግሩ፣ ኪሳችሁ ያለው መንጃ ፈቃድ ተራ ከሆነ ሦስቱም ቁጥሮች አይመለከቷችሁም። እናንተን የሚመለከተው ቁጥር 26,000 ነው።

መንጃ ፈቃዱ ይቅደም

የፒካፑና የተሳቢው የተፈቀደ ሙሉ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተሳቢውም ለብቻው ከ10,000 ካለፈ፣ ክላስ ኤ ሲዲኤል፣ ማለትም ለከባድ መኪና የሚሰጠው የንግድ መንጃ ፈቃድ፣ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የሚታየው ሚዛን ላይ የወጣው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካው በለጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፈው ትልቁ የተፈቀደ ክብደትም ይታያል። የፒካፑን የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ፍሬሙ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የተሳቢው ከፊት ለፊት በኩል ብረቱ ላይ ይለጠፋል። የወረቀቱ ድምር ካለፈ፣ ተሳቢው ባዶ ነበር ብሎ መከራከር አያዋጣም።

አሁን እንደምር። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው፣ «ዱዋሊ» የሚባለው ፒካፕ አብዛኛውን ጊዜ 14,000 ፓውንድ ተጽፎበታል። ከ26,000 ላይ ይህ ሲነሳ ለተሳቢው የሚተርፈው 12,000 ነው። ሁለት መኪና የሚጭን ጉዝኔክ ተሳቢ ራሱ 4,000 ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ለጭነት 8,000 ቀረ። ሁለት ካምሪ ይጫናል። ሁለት ሃይላንደር ግን ያልፋል።

ከኋላ ነጠላ ጎማ ያለው 3500 ወይም ኤፍ-350 ደግሞ፣ እንደ አሠራሩ ቢለያይም፣ 11,500 አካባቢ የተጻፈበት ይገኛል። ያን ጊዜ 14,000 የተጻፈበት ተሳቢ ያለ ሲዲኤል ማሰር ትችላላችሁ። አነስተኛው ፒካፕ ትልቁን ተሳቢ በሕግ ጎተተ ማለት ነው፤ ዱዋሊ ገዝቶ ሁለት ካምሪ ይዞ የሚሄደው ሰው ይህን ቀድሞ ቢሰማ ደስ ባለው ነበር።

ታዲያ ይበልጥ ወርደን 2500 ወይም ኤፍ-250 በ10,000 አስመዝግበን 16,000 የሚል ተሳቢ ብናስርስ? ወረቀት ላይ ያምራል። መንገድ ላይ አይሆንም። ጉዝኔክ ከተሳቢው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ፒካፑ ጀርባ ላይ ይጥላል። የ16,000 አንድ አምስተኛ 3,200 ነው። ባለ ናፍጣው፣ ባለ አራት በሩ 2500 ሰው ሳይገባበት 7,500 ገደማ ስለሚመዝን፣ 10,000 እስኪሞላ የሚቀረው 2,500 ብቻ ነው። እናንተ፣ ሰንሰለቱ፣ ማሰሪያውና የመሣሪያ ሳጥኑ ገና አልተቆጠራችሁም። ጭነቱ ሲያርፍ ኋላው ይቀመጣል፣ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪው አልጨበጥ ይላል። ነጠላ ጎማው 3500 በ14,000 ተሳቢ ላይ የሚሸከመው 2,800 ገደማ ነው፤ ያንን ይችለዋል፣ ትንሽም ይተርፈዋል።

ስለዚህ ሲዲኤል የሌለው ሰው ከሦስቱ ብራንዶች የትኛውንም ቢመርጥ ነጠላ ጎማ 3500 ወይም ኤፍ-350 ይግዛ። ሲዲኤል ያለው ደግሞ ዱዋሊ ይግዛ፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

ሦስቱ ሲነጻጸሩ

የ2025 ሞዴል ባለ ናፍጣዎቹ እንዲህ ይታያሉ፦

| | ፎርድ ኤፍ-350 | ራም 3500 | ሲልቨራዶ 3500 |
|---|---|---|---|
| ሞተር | 6.7 ሊትር፣ ቪ8 | 6.7 ሊትር ከሚንስ፣ 6 ሲሊንደር በአንድ መስመር | 6.6 ሊትር ዱራማክስ፣ ቪ8 |
| የፈረስ ጉልበት | 475 ወይም 500 | 430 | 470 |
| ቶርክ (የማዞር ኃይል) በፓውንድ-ፉት | 1,050 ወይም 1,200 | 1,075 | 975 |
| ካምቢዮ | 10 ማርሽ | 8 ማርሽ | 10 ማርሽ፣ አሊሰን |

ለ14,000 ፓውንድ ተሳቢ ከሦስቱ የሚያንሰው 975ም ይተርፋል። ፎርድ 1,200 የሚለው የሚያስፈልገው 30,000 ለሚጎትት ሰው ነው፤ ለዚያ ተጨማሪ ብር ከመክፈል ጥሩ ጎማና ጥሩ የተሳቢ ፍሬን መግዛት ይሻላል።

ልዩነቱ የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው። ሲልቨራዶ የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ፎርድና ራም በባለ አራት ጎማ እንቅስቃሴያቸው ከፊት ወጥ አክስል አላቸው። ባዶውን በተበላሸ አስፋልት ላይ ስትነዱት ሲልቨራዶ ወገብ ይምራል። ይህን ሥራ የሠራ ሰው ያውቃል፤ አድርሶ ባዶ መመለስ የማይቀር ነገር ነው፣ ለባዶው መንገድ ደግሞ የሚከፍል የለም። ወጥ አክስሉ በተራው ጭቃ ውስጥና የግንባታ ሳይት ላይ ለሚውል፣ ከፊት የበረዶ መጥረጊያ ለሚያስር ሰው ጠንካራ ነው።

ራም የሚወደደው በከሚንሱ ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ስለተደረደሩ ኮፈኑ ሲከፈት ለመካኒክ እጅ ቦታ አለ። ፎርዱ ላይ ለአንዳንድ ከባድ ጥገና መካኒኮች ካቢኑን ከሻንሲው ማንሳት ይመርጣሉ፤ የሰዓት ክፍያው ከዚያ ይመጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ራም 2500 ከኋላ ጥቅል ስፕሪንግ ነው ያለው፣ 3500 ግን ባሌስትራ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ስለሚመስሉ ሻጩ «ያው ነው» ይላችኋል። ያው አይደለም።

ፎርድ ቦዲው ከ2017 ሞዴል ጀምሮ አሉሚኒየም ነው። በረዶ ሲመጣ ጨው በሚበተንበት አገር ለሚነዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሥር ያለው ሻንሲ ግን አሁንም ብረት ነውና መታጠቡን አትርሱ።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን

ሦስቱም ቤንዚን ሞተር አላቸው፤ የፎርድ 7.3፣ የራም 6.4 ሄሚ፣ የሸቭሮሌት 6.6 ሊትር። ናፍጣው ከቤንዚኑ ወደ 10,000 ዶላር ይበልጣል፣ ሞተሩም ስለሚከብድ የመሸከም አቅም ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ ለሣር ቆራጭ ወይም ለቀለም ሥራ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ናፍጣ አያስፈልገውም፤ በአጭር ጉዞ የጭስ ማጣሪያው በደንብ ሳይሞቅ እየተደፈነ ያስቸግረዋል።

ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨርና ኦሮራ ለምትኖሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአይ-70 ወደ ምዕራብ ስትወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው፤ እንጦጦን ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ እዚያ ሲደርስ ሲሦው የለም። በቱርቦ የሚሠራው ናፍጣ ብዙም አይሰማውም። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። ከዋሻው ወደ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ የሚያዘቀዝቅ መንገድ ነው፣ ፍሬን ለጠፋበት መኪና የተዘጋጁ ማምለጫዎችም ከጎኑ አሉ። የሦስቱም ናፍጣ ሞተሮች የጭስ ፍሬን አላቸው፤ ቁልቁለቱን ሳትጀምሩ ቁልፉን ከላይ ተጫኑና እግራችሁን ከፍሬኑ አንሱ፣ ካምቢዮው ራሱ ማርሽ እየቀነሰ ይይዝላችኋል። ቤንዚኑ በማርሽ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሞተሩ እየጮኸ ትወርዳላችሁ።

ያገለገለ ለሚገዛ

አዲስ ባለ ናፍጣ ዱዋሊ ገዝቶ ሥራ መጀመር ለብዙዎች ከባድ ነው፤ በተለይ በክፍለ ግዛቶች መካከል ለሌላ ሰው ጭነት የሚያጓጉዝ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የተጠያቂነት ኢንሹራንስ እንደሚጠየቅ፣ ደላላዎቹም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሚሊዮን እንደሚሉ ስታስቡት። ያገለገለ ስትፈልጉ የነዳጅ ፓምፑን ጠይቁ። ሲፒ4 የሚባለው የቦሽ ፓምፕ ሲሰበር የብረት ብናኝ በነዳጅ መስመሩ ሁሉ ይበትናል፣ ጥገናው በሺዎች ዶላር ነው። ከ2011 እስከ 2016 ባለው ዱራማክስ፣ ከ2011 ጀምሮ በፎርዱ፣ በ2019 እና በ2020 ራም ላይ አለ። ራም ለሁለቱ ዓመታት መኪናዎቹን ጠርቷል፤ የሻሲ ቁጥሩን አስገብታችሁ መሠራቱን አረጋግጡ። ዱራማክሱ ከ2017 ጀምሮ የዴንሶ ፓምፕ ስላለው፣ ያገለገለ ከሆነ የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

ራም ከወደዳችሁ ደግሞ ካምቢዮውን እዩ። እስከ 2024 ከፍተኛ ቶርክ ያለው 3500 የሚመጣው በአይሲን ካምቢዮ ነው፤ ለከባድ ተሳቢ የሚመረጠውም እሱ ነው። ዝቅ ያለው ቶርክ የሚመጣበት 68 አርኤፍኢ በከባድ ሥራ ቶሎ ይደክማል። ከ2007 እስከ 2024 ባለው 6.7 ከሚንስ ላይ አየር የሚያሞቀው ክፍል ውስጥ ያለ ቡሎን ሊቀልጥና ሞተር ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ መካኒክ አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። በ2025 ያ ክፍል ተነስቷል።

የጭስ ማጣሪያው ተነቅሎ «ዲሊት» የተደረገ ናፍጣ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ደግሞ አትግቡበት። በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ የጭስ ምርመራ ባለበት ክፍለ ግዛት አያልፍም፣ ዋናውን ዕቃ መልሶ ለማስገጠም የሚወጣው ገንዘብም ከተረፈላችሁ ዋጋ ይበልጣል።