እንግዴ ልጅ ለዘገየባት ላም በማህፀን የሚገባው ክኒን

ላም ከወለደች በኋላ እንግዴ ልጇ በ24 ሰዓት ውስጥ ሳይወርድ ሲቀር፣ ብዙ አርቢ ቀድሞ የሚያስበው ወደ ማህፀን የሚከተተውን የኦክሲቴትራሳይክሊን (ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ክኒን ነው። እኔም ለወተት ላሞቼ ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ሽታውን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። እንግዴ ልጁን ግን አንድም ቀን አፍጥኖ ሲያወርድ አላየሁም።

ምክንያቱ የሚገኘው እንግዴ ልጁን ከማህፀን ጋር በሚያያይዘው ነገር ላይ ነው። የላም እንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው አዝራር በመሰሉና ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 120 በሚደርሱ መጋጠሚያዎች ሲሆን፣ በእነዚህ ላይ ሁለቱን አካላት አጥብቆ ከሚይዙት ነገሮች ዋነኛው ኮላጅን የተባለው የአያያዥ ሕብረ ሕዋስ ፕሮቲን ነው። በጤናማ ወሊድ ኮላጅኔዝና መሰል ኢንዛይሞች ይህን ፕሮቲን ይቆራርጡታል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ መጋጠሚያው ገብተው ያግዛሉ፤ እንግዴ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። መንታ ወሊድ፣ ውርጃ፣ የካልሲየም ወይም የሴሊኒየምና የቫይታሚን ኢ እጥረት ይህን ሂደት ሲያውክ ኮላጅኑ ሳይፈታ ይቀራል። ቴትራሳይክሊን ደግሞ ባክቴሪያን ከመግታቱ ባሻገር እነዚያኑ ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይሞች የማገድ ባሕርይ አለው። ስለዚህ ለእርዳታ ብዬ ያስገባሁት መድኃኒት መላቀቁን ሊያዘገየው ይችል ነበር ማለት ነው፤ በገዛሁት ማሸጊያ ላይ ግን ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም፣ ይህም በእጅጉ አሳዝኖኛል።

መድኃኒቱ ከማህፀን ወደ ደም፣ ከደምም ወደ ወተት ስለሚያልፍ ወተቱን ለተወሰኑ ቀናት መድፋት ግድ ይላል።

ኮላጅኔዝን በእትብቱ የደም ሥሮች በኩል መስጠት ችግሩን ከሥሩ የሚነካ ዘዴ ሲሆን በሙከራም ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ሆኖም ውድ ነው፣ የሠለጠነ እጅም ይጠይቃል። በእጅ ፈልቅቆ ማውጣት የማህፀኑን ገጽ ስለሚያቆስል ጭራሽ አልመክረውም።

አሁን ክኒኑን ትቻለሁ። የተንጠለጠለውን ክፍል ሳልጎትት አሳጥሬ እቆርጣለሁ፣ ለ10 ቀናት ያህል የላሟን ሙቀትና የምግብ ፍላጎት በየዕለቱ እከታተላለሁ፤ ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ወይም መብላት ካቆመች የእንስሳት ሐኪም እጠራለሁ፤ በመርፌ የሚሰጠውንም መድኃኒት የሚወስነው እሱ ነው።