“ሌየሩን አጥፋው” ቢሉኝ በሩን አጠፋሁት፦ የኦቶካድ መጥረጊያዎች ሲፈተሹ

እዚህ ደብረ ማርቆስ በኦቶካድ፣ በኮምፒውተር ፕላን መሣያው ፕሮግራም፣ የምሠራው ባብዛኛው የመኖሪያ ቤት ፕላን ነው። ከባዶ የምጀምረው ጥቂቱን ነው። ብዙው ሌላ ሰው ጀምሮት፣ ሌላ ሰው ነካክቶት፣ በፍላሽ ወይ በቴሌግራም የሚመጣ ነው። በቅርቡ የመጣልኝ የጂ+1 ፋይል 187 ሌየር ነበረው፤ ሌየር ማለት ግድግዳው ለብቻ፣ በሩ ለብቻ እየተባለ የሚሣልበት፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ ንብርብር ነው። ለጂ+1! ግድግዳው ብቻ አምስት ቦታ ተበታትኗል፦ “ዎል”፣ “ዎል 1”፣ “ግድግዳ አዲስ”፣ “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ 2”። አንዱ ሌየር ደግሞ ስሙ “ኤክስኤክስ” ብቻ ነው። እሱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? የካድ ፋይልም እንደዚያው ነው። ከሌላ ድሮዊንግ አንድ ሶፋ ኮፒ አድርጋችሁ ስታመጡ ሶፋው የተሣለበት ሌየር አብሮ ይመጣል። ብሎክ፣ ማለትም እንደ በር ያለ በአንድ ስም ታስሮ እየተደጋገመ የሚገባ ሥዕል፣ ስታስገቡም ያው ነው። ኤክስሬፍ (ከውጭ የተያያዘ ሌላ ፋይል) ባይንድ ካደረጋችሁማ፣ ማለትም ከፋይላችሁ ጋር ለዘለቄታው ካዋሐዳችሁት፣ አትጠይቁኝ፤ እያንዳንዱ ሌየር የመጣበትን ፋይል ስም አስቀድሞ፣ መሀሉ ላይ ዶላር ዜሮ ዶላር ለጥፎ ተራ ይይዛል። ባይንድ ስታደርጉ “ኢንሰርት” የሚለውን ብትመርጡ ግን ይሄ ጅራት አይመጣም፣ ስማቸው አንድ የሆኑት ሌየሮችም ይቀላቀላሉ። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ሌሊት በተኛሁ።

ስለዚህ የምገመግመው ኦቶካድን በሙሉ አይደለም። ሌየር የሚያጸዱትን ትእዛዞች ብቻ ነው።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው በሌየሮቹ ዝርዝር መስኮት ላይ ያለችውን የማጥፊያ ምልክት ነው። እሷ እምቢ ማለት ትወዳለች። ዜሮ የሚባለውን ሌየር አታጠፋም። ልኬት ስትጽፉ ፕሮግራሙ ራሱ የሚፈጥረውን ዴፍፖይንትስን አታጠፋም። አሁን እየሣላችሁበት ያለውንም፣ ከኤክስሬፍ የመጣውንም፣ ውስጡ አንዲት መስመር ያለበትንም አታጠፋም። ጀማሪ የሚናደደው በዚህ በመጨረሻው ነው። “ባዶ ነው እኮ!” ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለማ። መስመሯ ግን ብሎክ ውስጥ ተደብቃ ይሆናል፤ ብሎኩ ድሮዊንጉ ላይ አንድም ቦታ ባይቀመጥ እንኳ ትርጉሙ ፋይሉ ውስጥ ስላለ ሌየሩ ሥራ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። እኔ ይህችን ግትርነቷን ወድጄላታለሁ። በስህተት የጎዳችኝ ቀን የለም።

ፐርጅ የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ የቤቱ ምርጥ መጥረጊያ ነው። የማይነካ ነገር አይነካም፤ ማንም የማይጠቀምበትን ሌየር፣ ብሎክ፣ የመስመር ዓይነት፣ የጽሑፍ ስታይል ብቻ ለቅሞ ያወጣል። አንድ ዙር ግን አይበቃም። ብሎኩ ሲወጣ ብሎኩ ይዞት የነበረው ሌየር ነፃ ይሆናል፣ ስለዚህ ውስጥ ለውስጥ የተያያዙትንም እንዲያይ ምርጫው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ካልሆነ ደጋግሙት። ከ2020 ዕትም ወዲህ መስኮቱ በጣም ተሻሽሏል። አልወጣ ያለውን ነገር በሥዕል ያሳያችኋል፣ ለምን እንዳልወጣም ይነግራችኋል። የእኔ 187 በዚህ ብቻ ወደ 90 ገደማ ወረደ።

አሁን ወደ ኤክስኤክስ።

አማርኛችን ለካድ ሥራ አንድ ክፉ ቃል አለው፦ ማጥፋት። መብራትም ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል። አብረን የምንሠራው ጋሼ፣ ኢንጂነሩ፣ ማታ ላይ ደወሉና “ያ ኤክስኤክስ የሚሉት ሌየር ልኬቱን ሸፍኖታል፣ አጥፋውና ቁጥሩን አንብብልኝ” አሉኝ። እሳቸው ያሉት አምፖሏን ነው፤ ከሌየሩ ስም ጎን ያለችውን፣ ሲነኳት ሌየሩ ለጊዜው የሚሰወርባትን። እኔ ሌይዴል አልኩት።

ሌይዴል ማለት ሌየሩን ላዩ ላይ ካለው ነገር ሁሉ ጋር ነቅሎ የሚጥል ትእዛዝ ነው። ብሎክ ውስጥ የገባውን መስመር እንኳ አይምርም፤ ብሎኩን ከፍቶ ያንን መስመር አውጥቶ መልሶ ይዘጋዋል። ደብቆ አይደለም የሚያደርገው። ይህን ያህል ብሎክ በዚህ ሌየር ይጠቀማል፣ እንደገና ይበጃል ብሎ ይጽፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎም ይጠይቃል። እኔ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አዎ አልኩ። ቁጥሩን አነበብኩላቸው፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ አሳትሜ ለቤቱ ባለቤት ወሰድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። “ልጄ፣ በሩን የት አደረስከው?” አሉ። ግድግዳው ላይ ክፍተት አለ፣ የበሩ ሳንቃም የሚከፈትበት ቅስትም የለም። ቤቱ ሙሉ። የበሩን ብሎክ የሣለው ሰው ሳንቃውንም ቅስቱንም ኤክስኤክስ ላይ አድርጎት ኖሯል።

የሚቆጨኝ ነገር ይሄ ነው፦ “አንዱ” የሚባለው፣ የሠራችሁትን ወደ ኋላ የሚመልሰው ትእዛዝ፣ ሁሉንም ይመልስ ነበር፣ ፋይሉን ባልዘጋው። በባክ ፋይሉ እመልሳለሁ ብዬም ሞከርኩ። ባክ የሚይዘው ግን ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረውን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ መብራት ይሄዳል ብዬ ሁለት ሦስቴ ሴቭ የማድረግ ልማድ አለብኝ። ያዳነኝ ቴሌግራም ላይ የቀረው ዋናው ፋይል ነው። ፐርጁንም ምኑንም እንደገና።

ሌይዴል መጥፎ ነው አልልም፤ የሌላ ሰው ፋይል ላይ ግን እጄን አላነሳበትም።

እንዲያውም ከአሥሩ ዘጠኙ ጊዜ የምትፈልጉት መሰረዝ ሳይሆን ማዋሐድ ነው። ሌይመርጅ ይባላል። አምስቱን ግድግዳ አንድ ላይ ጠቅልዬ “ዎል” ውስጥ ከተትኳቸው፤ መስመሮቹ ቀሩ፣ ትርፍ ስሞቹ ሄዱ። ብሎክ ውስጥ ያሉትንም አብሮ ያዛውራል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ቀለማቸው ባይሌየር የሆኑ፣ ማለትም ቀለማቸውን ካሉበት ሌየር የሚወስዱ፣ ነገሮች ወዲያው የአዲሱን ሌየር ቀለም ይለብሳሉ። የምታትሙት ደግሞ ውፍረትን በቀለም በሚወስን ስታይል ከሆነ፣ ትናንት ክር የነበረው መስመር ዛሬ ገመድ ሆኖ ይወጣል። አሳትማችሁ ከመናደዳችሁ በፊት ፕሪቪው እዩ።

ሌይዎክ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሌየሮቹን አንድ በአንድ እየነካችሁ የያዙትን ለብቻው ያሳያችኋል። ቀድሜ በሱ አልፌ ቢሆን ኤክስኤክስን ስነካ በሮቹ ብቻቸውን አየር ላይ ተንሳፍፈው ይታዩኝ ነበር።

አምፖሏም ብትሆን ሙሉ በሙሉ የምትታመን አይደለችም። አምፖሉ የጠፋ ሌየር አይታይም እንጂ አለ፤ ኮንትሮል ኤ ብላችሁ ዲሊት ብትነኩ ሳታዩት አብሮ ይሄዳል። ፍሪዝ የተደረገ፣ የበረዶ ምልክቷ የተነካችበት፣ ግን አይመረጥም። ለረጅም ጊዜ ለማትፈልጉት ነገር በረዶዋን ተጠቀሙ፣ ከባድ ፋይልም ቀለል ይላል። እግረ መንገዴን፣ ዴፍፖይንትስ ላይ የምትሥሉ ተማሪዎች፣ ያ ሌየር አይታተምም። ስክሪን ላይ የምታዩት አጥር ወረቀቱ ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ነፃ ስለሆነ ሊብሬካድ ስለሚባለው ሌላ የፕላን መሣያ ፕሮግራም የምትጠይቁኝ አላችሁ። ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ለሁለት ዳይሜንሽን ሥራ በቂ ነው። ግን የራሱ ፋይል ዲኤክስኤፍ የሚባለው ዓይነት ነው፣ የሰው ዲደብልዩጂ (የኦቶካድን ፋይል) ተቀብሎ ማጽዳት ላይ ይቸገራል። እዚያ ደግሞ ሌየር ሲሰረዝ የያዘው ሁሉ ነው አብሮ የሚሰረዘው፤ ሌይዴልን የሚፈራ ሰው እዚያም ይፍራ። ተማሪ ከሆናችሁ ኦቶካድ ራሱ ለትምህርት በነፃ ይሰጣል፣ በየዓመቱ የሚታደስ፤ የሚከፈልበት ሥራ ግን አይሠራበትም።

ለፐርጅና ለሌይመርጅ ከአምስት አምስት። ለሌይዎክ አራት። ለሌይዴል ሦስት፣ አስጠንቅቆኛልና።

ፋይሉ በመጨረሻ 31 ሌየር ሆነ። ጋሼ አሁን ሲደውሉ “አጥፋው” አይሉም፣ “አምፖሏን” ይላሉ። እትዬ ደግሞ ወረቀቱን ገና ሳልዘረጋላቸው ጣታቸውን ያወጣሉ፤ በር ሊቆጥሩ።